የእትዬ አስካለ ጤዛ

እትዬ አስካለ እንደ ወትሯቸው ጤዛቸውን በቀኝ ዓይናቸው ላይ አጥልቀው፣ የድሬዳዋን ሙቀት እየረገሙ ወደ ክሊኒኩ ገቡ። ጤዛ ዓይን ላይ የምትለጠፍ ስስ የመድኃኒት ሽፋን ናት፤ ሰውየው ዓይኑን ባርገበገበ ቁጥር ተጨምቃ ጥቂት መድኃኒት ትለቃለች። የጠብታ ብልቃጥ የሚይዝ ሰው ከቀረ ሃያ ዓመት አልፎታል።

ሐኪሟ ረድኤት የዓይናቸውን ግፊት ለካች፤ ሠላሳ አራት። ከሁለት ሳምንት በፊት አሥራ ስድስት ነበር። የግራ ዓይናቸው የጠፋው እንዲሁ ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ ነው።

«ጤዛዋን ሦስት ጊዜ ፈተሽኳት፤ እንከን የላትም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ግፊቱ ካልወረደ ዓርብ ቀዶ ሕክምና ይደረግልዎታል። እሱም ዓይንዎን ላያተርፈው ይችላል።»

«ታዲያ መስታወቴን ማን ሊያለሰልሰው ነው? ያ ሥራ ቦታዬ ያመጡት የብረት ክንድ?» ሳቁ እትዬ አስካለ። «የሳተላይት መስታወት እኮ ነው ልጄ፤ የመኪና መሰለሽ?»

ረድኤት ሰው ፊት ቃል ያጥራታል። ወደ ማሽኑ ዞራ ጤዛዋ የመዘገበችውን የዓይን መርገብገብ ቁጥር ታይ ጀመር። አሁን ሲያወሩ በደቂቃ ሃያ ሁለት ጊዜ አርገብግበዋል። በሥራ ሰዓት ግን ሦስት ጊዜ ብቻ። ሁለቱም ዝም ባሉ ቁጥር፣ እዚሁ ወንበር ላይም ቁጥሩ ይወርዳል።

እንደምንም ራሷን አደፋፈረች። «ሥራ ቦታ ከማን ጋር ነው የሚጫወቱት?»

«ከማንም! ሙክታር ጡረታ ወጥቶ በቦታው ክንዱን ተከሉልኝ። ሠላሳ ዓመት ጆሮዬን ሲበላው ኖሮ፣ ይኸው ከሄደ ሁለት ሳምንቱ። አቤት ውሸቱ! አንድ ቀን አዞ ገራሁ ብሎኝ...»

ቁጥሩ ሃያ ስድስት ገባ።

ማሽኑ ዓይን ማርገብገብን የሚያስታውስ ንዝረት ይታዘዝ አለ። እትዬ አስካለ እጃቸውን አወናጨፉ፦ «እጄን ካስደነገጠው መስታወቱ አለቀለት!»

ረድኤት ማዘዣውን ከፈተች። «የመድኃኒቱ ስም» በሚለው ቦታ ላይ «ሙክታር» ብላ ጻፈች። «መጠን» በሚለው ላይ፣ «በሥራ ሰዓት፣ ሳይቋረጥ»።

ማሽኑ እንዲህ ያለ መድኃኒት አላውቅም አለ። እሷም ማጽደቂያውን ተጫነችው።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱ አዛውንቶች እየተጨቃጨቁ መጡ። ግፊቱ አሥራ ሰባት ሆኗል።

«እኔ የምወሰደው ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ጠየቀ ሙክታር።

«በኋላ ነው እንጂ! በባዶ ሆድ አንተን ማን ይችላል?» አሉት እትዬ አስካለ።

ረድኤት ማሽኑን አጥፍታ ወንበር ሳበችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጋሽ ሙክታር» አለች፣ «የአዞው ነገር እንዴት ሆነ?»