ሁለተኛ የሌለው ሸሚዝ

«የሞትኩት እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!»

ጠዋት በፋሽን ትምህርት ቤቱ ግቢ የተሰማው ጩኸት ይህ ነበር። የምትጮኸው በሕይወት ያለች ልጅ ናት፤ ሥራዋን አይተው ፎቶ አንሺዋ ይሏታል። ከብረቱ ደረጃ ሥር በግንባሩ የተደፋ ሬሳ አይታ፣ ከሟቿ በፊት ያወቀችው ልብሱን ነበር፤ የራሷን ቢጫ ካፖርት። ካፖርቱ ውስጥ የነበረችው ግን የአክስቷ ልጅ ናት። አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ይኖሩ ነበር። የፋሽን ተማሪ ስትሆን፣ ግቢው በሙሉ ሽቅርቅሬ ይላት ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ ግቢው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ሰው ማሰብ ሲደክመው ቶሎ ይስማማል። የፎቶ አንሺዋ የቀድሞ እጮኛ ሹፌር ነው። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ግቢ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንድ ቀን ከዚህ ደረጃ ወርውሬሽ እገላገላለሁ!» ብሎ ጮኾባታል። ቢጫው ካፖርት የማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። እንግዲህ ሲመሽ መጥቶ፣ ካፖርቱን ከኋላ አይቶ፣ ገፍቶ፣ ሰው ተሳስቶ ገደለ። አለቀ።

«ኢንስፔክተር፣ ነገሩ ያለቀ ነው» አለ ሳጅኑ፤ ካቴናውን በእጁ ይዟል።

«ካለቀ እኔን ለምን ጠራኸኝ? ለቀብሩ?»

ተንበርክካ የካፖርቱን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበችው። የሸሚዙ እጅጌ ከሥሩ የለም። ወደ ላይ ስትከተለው፣ ከክርኑ በላይ እንደ አሮጌ ጨርቅ ተጨማድዶ፣ ተጠቅልሎ አገኘችው። ሌላኛውም እጅ እንዲሁ ነው። ካፖርቱ ሲወልቅ ሸሚዙ ታየ፤ አንገቱ ዙሪያ ጥልፍ ያለው ሰማያዊ ሸሚዝ ነው። የተለበሰው ተገልብጦ ስለሆነ ስፌቱና የጥልፉ ጀርባ ውጭ ነው።

«ቸኩላ ገልብጣው ነው» አለ ሳጅኑ።

«አንተ ሚስትህ ካልነገረችህ ካልሲህን ገልብጠህ የምትውል ሰው ነህ። ይህች ልጅ ግን ዳቦ ልትገዛ ስትወጣም መስታወት ታስፈቅድ ነበር አሉ። ደግሞ ስፌቱን እየው። የውስጥ ስፌቱ አንድ በአንድ በካውያ ተተኩሷል። የማይታይ ነገር ማን ይተኩሳል?»

ጎንበስ ብላ አንገቱን መረመረች። የሠሪው ስም የሚጻፍበት ማርካ የነበረበት ቦታ ላይ የመርፌ ቀዳዳዎች በአራት ማዕዘን ተሰልፈዋል። ማርካው የለም። ጨርቁ አልተቀደደም፤ አንድ ብጣሽ ክር እንኳ አልቀረም። መርማሪዋ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረች።

ፎቶ አንሺዋ ባዶ ክፍል ውስጥ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ተቀምጣለች።

«በሩ ተቆልፏል?» ብላ መርማሪዋን ጠየቀቻት።

«ተቆልፏል።»

«መስኮቱስ?»

«መስኮቱም። እህቴ፣ ካፖርቱ የት ነበር?»

«ወርክሾፑ በር ላይ ነው የሚሰቀለው። ብርድ ሲሆን ያገኘው ሁሉ ጣል ያደርገዋል። እኔን ብሎ ነው የመጣው! ከተሳሳተ እንግዲህ ተመልሶ ይመጣል።» ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም። «ከሱ በላይ ግን አክስቴን ነው የምፈራው። እየመጣች ነው። ልጄ በአንቺ ፋንታ ሞተች ብትለኝ ምን ብዬ ነው ፊቷ የምቆመው?»

«ሽቅርቅሬ ትናንት ወርክሾፕ ምን ትሠራ ነበር?»

«ለዛሬ ፈተናዋ እየተዘጋጀች ነበር። ብራንድ እንዴት ነው የሚሸጠው በሚል ርዕስ መምህራኑና የሱቅ ባለቤቶች ፊት ልታቀርብ ነበር። ምን ትለብሻለሽ ስላት 'ልብሴ ራሱ ይናገራል' ብላ ሳቀችብኝ።»

«ከጉዞ የተመለሰችው በቅርብ ነው አሉ።»

«አዎ። በየደረሰችበት ከተማ ልብስ ቀይራ ፎቶ ትልክልኛለች። ለሰው ገና አልለጠፍነውም።» ኮምፒውተሯን ከፈተች። ሽቅርቅሬ በባቡር ጣቢያ፣ በድልድይ ላይ፣ በባሕር ዳርቻ፤ አንዴ በረጅም ቀሚስ፣ አንዴ በወንድ ኮት። በአንዱ ፎቶ ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ የወደብ ገበያ መሃል ቆማ ትስቃለች። ፎቶ አንሺዋ ያየችው ባርኔጣውን ነው። መርማሪዋ ግን ከኋላ ያለውን አጉልታ አየችው። ፕላስቲክ ላይ የተከመረ ሰማያዊ ልብስ ነበር።

«ይህን ለማንም እንዳታሳዪ።»

«መምህራችን ግን ፎቶዎቿን በሙሉ ይዘሽ ነይ ብሎኛል። የመታሰቢያ ኤግዚቢሽን ሊያዘጋጅላት ነው። ዛሬ እነሱ ቤት ነው የማድረው፤ ሚስቱም አለች። እሱ ባይኖር ምን እሆን ነበር?»

መርማሪዋ ወጣች። በሩን ከውጭ ራሷ ቆለፈችው።

ሹፌሩን ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ አገኘችው።

«ብያለሁ! ልቤ ተቃጥሎ ያልኩት ነው። ትናንት ግን መኪናዬ ውስጥ ተኝቼ ነበር።»

«ማን አየህ?»

«ተኝቼ ማን ያየኛል? እናቴ ሩቅ ናት!»

ከዚያ የትምህርት ቤቱን ልብሶች ወደሚሸጠው ሱቅ ሄደች። መስኮቱ ላይ ጭንቅላት የሌለው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ያንኑ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል። ከበላዩ በትልቁ «በእጅ የተጠለፈ። ሁለተኛ የለውም» ተብሎ ተጽፏል። ሁለተኛ የሌለው ሸሚዝ ሱቁ ውስጥ በትንሽ፣ በመካከለኛና በትልቅ ልክ ተሰቅሏል። ይህን አይቶ የማይስቅ ገዢ የሚኖረው ቀድሞ ስለከፈለ ብቻ ነው።

«ማን ነው የሚጠልፈው እትዬ?» አለቻት የሱቁን ባለቤት።

«ሩቅ ያሉ ሴቶች ናቸው፤ እየዘፈኑ ነው የሚጠልፉት አሉ። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ናቸው አደራጅተው የሚያመጡልኝ።»

«ሄደው አይተዋቸዋል?»

«ምን ልሠራ? ታሪኩ ያምራል አይደል? ደንበኛ ጨርቅ አይገዛም እኮ ልጄ፣ ታሪክ ነው የሚገዛው።»

መርማሪዋ አንገቷን አከከች። «ይህ የኮቴ ማርካ ፈጀኝ። ያንሱልኛል?»

የሱቁ ባለቤት ከጠረጴዛው መቀስ አንስታ ያዘችውና ቆረጠችው። ግማሹ ማርካ ወደቀ፤ ከሱም ጋር የኮቱ ገበር ተበሳ። «ውይ! እኔ ነጋዴ ነኝ እንጂ ልብስ ሰፊ አይደለሁም!»

መምህሩ ወርክሾፑ ውስጥ በስፌት መኪኖቹ መሃል ቆሞ ነበር። ግራጫ ሰደርያ ለብሶ፣ ደረቱ ላይ መርፌዎች ሰክቷል። ዓይኑ ቀልቷል። ጠዋት ሳጅኑ ሲያገኘው ደረጃው አናት ላይ ተንበርክኮ ወለሉን በእጁ እየዳሰሰ ነበር። ለምን ቢለው «የወደቀ መርፌ ካለ ተማሪዎቹን እንዳይወጋ» አለው።

«ጎበዝ ነበረች» አለ መምህሩ። «አንደበቷ ግን ከእጇ ይቀድም ነበር።»

«ፈተናዋን አስቀድመው አይተውታል?»

«ርዕሱን ብቻ። ወይ ጉድ! ኮትዎን ማን ነው እንዲህ ያረደው? እስቲ ይስጡኝ።»

ኮቱን ተቀበላት። እሷን እያየ፣ ስለ ሟቿ እያወራ፣ በምላጭ ጥግ አንድ ክር ነካ፤ ሌላ ነካ፤ በጥፍሩ ሳበ። የቀረው ማርካ እንደ ልጣጭ ተላቅቆ መጣ። አጠፈውና ሁለት ጣቱን ሰደርያው ኪስ ውስጥ አስገብቶ አወጣ። ዓይኑ ከፊቷ ላይ አልተነሳም።

«ልጅቷን ቶሎ ይልቀቁልኝ እባክዎ። ባለቤቴ ክፍል አዘጋጅታ እየጠበቀቻት ነው።»

«ትለቀቃለች» አለች መርማሪዋ። ኮቷንም ተቀበለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ወርክሾፑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሹፌሩ በሩ አጠገብ፣ የሱቁ ባለቤት ወንበር ላይ፣ ፎቶ አንሺዋ ሻንጣዋን ታቅፋ ከመምህሩ ጎን። ጭንቅላት የሌላቸው አሻንጉሊቶች ዙሪያቸውን ቆመዋል። አንዱ በነፋስ ሲነቃነቅ ልጅቷ ደንግጣ የመምህሩን ክንድ ያዘች።

«ሳጅን፣ ያንን ካፖርት ልበስ» አለች መርማሪዋ።

«በእኔ ልክ አይደለም።»

«ለሠርግህ አይደለም፤ ልበሰው!»

ሳጅኑ እየተጨነቀ አንድ እጁን አስገባ።

«ቁም! ጣቶችህ ምን ይዘዋል?»

ጎንበስ ብሎ እጁን አየ። «የሸሚዜን እጅጌ ጫፍ።»

«ለምን?»

«ወደ ላይ እንዳይሰበሰብ ነዋ።»

«ማን አስተማረህ?»

«ማንም።»

«ሰው ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል፤ ሕይወት ካለው። የሽቅርቅሬ የሸሚዝ እጅጌ ክርኗ ላይ ተጠቅልሎ ነበር። ስለዚህ ካፖርቱን የለበሰችው ራሷ አይደለችም፤ ከሞተች በኋላ ሌላ ሰው ነው ያለበሳት። ያለበሳት ሰው ፊቷን አይቷል። እዚህ ግቢ ሰው የተሳሳተ ማንም የለም።» ወደ ፎቶ አንሺዋ ዞረች። «ሰማሽኝ? አንቺን ብሎ የመጣ የለም። እሷ በአንቺ ፋንታ አልሞተችም።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ታዲያ ለምን አለበሳት? አንደኛ፣ ጥፋቱ በዚህ አፈ ልቅ ሹፌር ላይ እንዲወድቅ። ዛቻውን ግቢው ሁሉ ሰምቷል። ሁለተኛ፣ ሸሚዙን እንዲሸፍንለት። ሸሚዙ ተገልብጦ ነበር፤ ውስጡም ተተኩሷል። ልጅቷ ሰው እንዲያየው የፈለገችው ውስጡን ነው። ሸሚዝ ውስጥ ምን አለ እትዬ?»

«እ... ስፌት። ማርካ።»

«ማርካ። የእርስዎ ግን አይደለም። ሽቅርቅሬ የወደብ ገበያ ውስጥ ሁለተኛ የሌለውን ሸሚዝዎን ተራራ ሆኖ አገኘችው። በኪሎ ነው የሚሸጡት። አንዱን ገዝታ፣ የፋብሪካው ማርካ እንዲታይ ገልብጣ ለብሳ፣ ፈተናው ላይ ልትቆም ነበር።»

የሱቁ ባለቤት ከወንበሯ ተነሳች። «ውሸት ነው! በእጅ ነው የሚጠለፈው ብሎኝ እኮ ነው!»

«ማን?»

የሱቁ ባለቤት ዓይን ወደ መምህሩ ሄደ። የሌሎቹም ተከተለ። ፎቶ አንሺዋ የያዘችውን ክንድ ቀስ ብላ ለቀቀች።

«አሁን ወደ ማርካው» አለች መርማሪዋ። «ገዳዩ ሬሳ አጠገብ ነው። እግር ኮቴ በሰማ ቁጥር ነፍሱ ልትወጣ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ማርካ ይገነጥላል፤ ወይም እንደ እትዬ በመቀስ ያርዳል። ይህ ግን ክር በክር ተረተረው፤ ጨርቁ እንዳይጎዳ ተጠነቀቀ። ለምን? ምክንያት የለውም! እጁ ሌላ አያውቅማ። ያንኑ ማርካ ከዚያው ሸሚዝ ላይ ሲፈታና ሌላ ሲሰፋበት የኖረ እጅ ነው።» እጇን ዘረጋች። «መምህር፣ ኮቴ ላይ ያነሱትን ማርካ ይመልሱልኝ።»

መምህሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ሁለት ጣቱን ሰደርያው ኪስ ውስጥ አስገባ። ጣቶቹ እዚያው ቀሩ። ፊቱ እንደ አሮጌ ገበር ነጣ። ሌሊቱን ሙሉ ያስጨነቀው፣ ጠዋት ወለሉ ላይ በዳበሳ የፈለገው ነገር፣ ልቡ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። እጁ የሠራውን ጭንቅላቱ አላወቀም ነበር።

ሳጅኑ ኪሱን ሲፈትሽ ሁለት ማርካ አወጣ። አንዱ በመቀስ የተቆረጠ ግማሽ ነው፤ ሌላው ሙሉ፣ በባዕድ ፊደል የተጻፈ።

«ለመንኳት» አለ መምህሩ። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። «ስሜን አትግደዪ አልኳት። ሳቀችብኝ። ገፋኋት እንጂ...»

«ስምዎን! ካፖርት ያለበሷትስ ለስምዎ ነው? ይህችንስ ልጅ ቤትዎ ሊወስዷት የነበረው ለምንድን ነው?»

«ፎቶውን ብቻ ነበር የፈለግኩት።»

«ፎቶውን ካገኙ በኋላስ?»

መምህሩ እጆቹን አየ። ፎቶ አንሺዋ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄደች፤ ጀርባዋ አሻንጉሊት ሲነካ ጮኸች።

መምህሩን ሲወስዱት ሹፌሩ «ከጅምሩ ንጹሕ ነኝ ብዬ ነበር!» አለ።

«ዝም በል!» አለችው መርማሪዋ። «ካፖርቱ የእሷ ነው፤ ለነፍሰ ገዳዩ አፍህን ያዋስከው ግን አንተ ነህ። ሁለተኛ በዚህች ልጅ አጠገብ እንዳላይህ።»

የሱቁ ባለቤት የመርማሪዋን ክንድ ይዛ ወደ ጥግ ሳበቻት። «ልጄ፣ የሱቁ ስም እንዳይነሳ። እኔም ተታልያለሁ እኮ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ቢባል ሰው ይረሳል።»

«እትዬ፣ ሬሳው ገና አልተቀበረም፤ እርስዎ ማስታወቂያ ይሠራሉ!»

በሩ ላይ ጥላ ታየ። ነጠላ ጫማ ያደረገች፣ መንገድ ያጎሳቆላት ሴት መቃኑን ይዛ ቆማለች። ፎቶ አንሺዋ እንደ ድንጋይ ደረቀች።

«አክስቴ...»

«በመንገድ ሰው ነገረኝ» አለች አክስቷ። «በአንቺ ፋንታ ነው የሞተችው አሉኝ። እውነት ነው?»

ልጅቷ መለሰች፤ ጮክ ብላ፣ የሱቁን ባለቤት እያየች። «አይደለም። በማንም ፋንታ አልሞተችም። የእሳቸው ሱቅ የሚሸጠው ውሸት ነው ልትል ስለነበር ነው። የገደላት መምህራችን ነው። ነገ እሷ ልትቆምበት በነበረው ቦታ ቆሜ ፎቶውን ለሁሉም አሳያለሁ። አሁን ግን... አሁን ግን በጣም ፈርቻለሁ አክስቴ።»

አክስቷ ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ መጥታ ትከሻዋን፣ ክንዶቿን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሰች፤ ሙሉ መሆኗን ልታረጋግጥ ነው።

«ዝም በይ እያልኩ ነው ያሳደግኳት» አለች። «አንድ ቀን ሰምታኝ አታውቅም።» ሻንጣውን ከልጅቷ እጅ ተቀበለቻት። «ተነሺ እንሂድ። እኔም ፈርቻለሁ። ሁለት ሆነን እንፈራለን።»