ሦስተኛዋ ፎቶን

አዛውንቱ ተመራማሪ ቢሯቸው ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። አጠገባቸው ጨረር ለመከለል የሚደረደረው ከባድ የእርሳስ ጡብ ወድቋል። የሞቱት ከቀኑ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት መካከል ነው ተባለ።

በማግስቱ መርማሪዋ ስትደርስ ላቦራቶሪው ጥፋተኛውን መርጦ ጨርሶ ነበር። የሟቹ ልጅ፣ የላቦራቶሪው ፕሮግራመር፣ በካቴና ታስራ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። መርማሪዋ የችኮላ ካቴና አይጥማትም፤ «በሏት፣ እሰሯት» የሚል ሰው ደግሞ ጨርሶ አይጥማትም።

«ትናንት ጠዋት አባትሽን ምን አልሻቸው?»

«አገር የሰማውን ለምን ታስደግሚኛለሽ?»

«ካንቺ አፍ ልስማው።»

«ዳግመኛ ዓይንህን አያሳየኝ አልኩት። ሁለት ዓመት የለፋሁበትን ፕሮግራም አንስቶ ለምክትሉ ሰጠዋ! አባት ተብሎ!»

ስለ ፕሮግራሙ ስትጠየቅ እየተቆጣች አስረዳች። በሽተኛው የሚወጋው መድኃኒት ፎቶን የተባሉ የጨረር ቅንጣቶችን በጥንድ ይረጫል፤ የካንሰር መመርመሪያው ማሽንም ጥንዶቹን ይዞ ምስል ይሠራል። አንዳንዱ መድኃኒት ሦስተኛ ፎቶን ያክላል። ሦስቱ አብረው ቢያዙ ምን እንደሚመዘገብ የእሷ ፕሮግራም በኮምፒውተር አስመስሎ ያሰላል። ምክትሉ ግን በእውነተኛው ማሽን ለክቼዋለሁ ባይ ነው።

በሟቹ ጠረጴዛ ላይ አንድ ማስታወሻ ነበር፦ «ምክትሉ፣ ስምንት ሰዓት። ልኬቱን ዛሬውኑ ይድገመው።»

ምክትሉ ጫማው የሚያበራ፣ አንደበቱ የሚያቆስል ሰው ነው።

«ቢሯቸው ድርሽ አላልኩም። ከስምንት እስከ አሥር ታች ማሽኑ ላይ ስለካ ነበር፤ ፋይሉ ከነሰዓቱ ይኸው። አሥራ ሁለት ሺህ ሦስትዮሽ ፎቶን። ነው ወይስ ፖሊስ ከሁለት በላይ አይቆጥርም?»

«እንሞክራለን» አለች። ስድቡን ዋጠችው እንጂ አልረሳችውም።

ታች ወርዳ በማሽኑ ጀርባ አቧራው ላይ የመጽሐፍ ያህል ንጹሕ ቦታ አየች። የማሽኑ ሽማግሌ ቴክኒሻን ከላይዋ ቆሞ ይገላምጣታል።

«ጋሼ፣ እዚህ ምን ነበር?»

«የማሽኑ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ። መሳቢያዬ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ? እናንተ የምታውቁት ማሰር ነው።»

ከቀትር በፊት ሦስቱንም ማሽኑ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ማንም ከማንም አጠገብ መቆም አልፈለገም።

«ይህ ማሽን በተፈጥሮው ጥንድ ብቻ ነው የሚያውቀው» አለች። «ሦስት ፎቶን በአንድ ጊዜ ሲመጣበት ግራ ይገባውና ሁሉንም ይጥላል። ሦስትዮሹን የሚያስመዘግብለት ይህ ካርድ ነው። መቼ አወጡት፣ ጋሼ?»

«ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ። ሟቹ ናቸው ያዘዙኝ፤ ለማንም እንዳትተነፍስ ብለው።»

የምክትሉ ፊት አመድ መሰለ።

«እንግዲህ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይህ ማሽን አንዲት ሦስትዮሽ ሊቆጥር አይችልም። እርስዎ ግን አሥራ ሁለት ሺህ ይዘው መጡ። በእርግጥ ለክተው ቢሆን ኖሮ ማሽኑ ተበላሽቷል ብለው ይጮሁ ነበር። ፋይሉን ያወጡት ከልጅቷ ፕሮግራም ነው፤ ሰዓቱን ብቻ ቀየሩለት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሟቹ ልኬትዎ ሁሉ ፈጠራ መሆኑን ጠርጥረው ነበር። ፕሮግራሙን የሰጡዎትም፣ ካርዱን ያስወጡትም ሊይዙዎት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ የነበሩት እሳቸው ቢሮ ነው።»

«ድገመው አለኝ!» ብሎ ጮኸ ምክትሉ። «እኔን! እንደ ተማሪ! አልደግምም ብል ስምህን አጠፋዋለሁ አለኝ!»

መርማሪዋ የልጅቷን ካቴና አስፈትታ በምክትሉ እጅ ላይ አስገባችው። ከሁለት በላይ መቁጠሯን ልትነግረው አሰበችና ተወችው።

ልጅቷ አላመሰገነቻትም። ወደ ቴክኒሻኑ ዞረች።

«ጋሼ፣ አባቴ ለምን አልነገረኝም?»

«ነገር ባንቺ አፍ አያድርም ብለው ነው። "ዛሬ ትስደበኝ፣ ነገ እነግራታለሁ" አሉኝ።»

ልጅቷ ካቴናው የፈገፈገውን እጇን ታሽ ጀመር። ከትናንት ጀምሮ የደረቀው ዓይኗ ያን ጊዜ ሞላ።

«ዓይንህን አያሳየኝ ብዬዋለሁኮ» አለች።