ገመዱን የለቀቁ እጆች

ኖኤልያ ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የፓምፑን የቆዳ ቀለበት ሞራ ትቀባ ነበር። አውራ ጣቷን እያዞረች፣ ዳር ዳሩን እያሸች፣ ቆዳው እንደ ጆሮ ጫፍ እስኪለሰልስ ድረስ ቀባችው። የደረቀ ቆዳ ውሃ አይስብም። አባቷ ጓቴማላ ውስጥ ፓምፕ እየጠገነ ነው ያሳደጋት፤ ይህን በልጅነቷ ነው ያወቀችው። ሁለተኛውንም ቀባች። ሁለቱን በሞራው ጣሳ ውስጥ ከድና ወገቧ ላይ በታሰረችው ቦርሳ ከተተቻቸው።

ከኋላዋ ድምፅ ማጉያው አንባረቀ። «አንድ፣ ሁለት… አሜን በሉ! አንድ፣ ሁለት…»

«ወንድም ኦስቤርቶ፣ ወንዙም አሜን ብሏል። እንሂድ!» አለ ከበሮ መቺው ቼማ።

ኦስቤርቶ የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች መሪ ነው። ዘጠኝ ሆነው ለወንጌል ጉዞ ድንበር ተሻግረው፣ በአውቶቡስ ሲንገላቱ ሰንብተው፣ ሆንዱራስ ምሥራቅ ዳር ፓቱካ ወንዝ ደርሰዋል። ድምፅ ማጉያውንና እሱን የምታንቀሳቅሰውን ትንሽ ጄኔሬተር ሊገዙ እሑድ እሑድ ታማል የሚባለውን የበቆሎ ምግብ ሲሸጡ ነው የከረሙት። ጄኔሬተሯ ከሙከራው በኋላ በሸራ ተሸፋፍና እንደ ሙሽራ መሃል ተቀምጣለች። ከእሷ ቀጥሎ ባልዲ በባልዲ ላይ የተደራረበ ነጭ ቀለም፤ ከዚያ ለልጆች ትምህርት የሚሆኑ አሻንጉሊቶች። የእጅ ፓምፑ መጨረሻ ላይ፣ የጀልባዋ ሞተር ሥር ተሸጉጧል።

ኖኤልያ ቀለሙን ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላል። የሚሄዱበት መንደር ሊ ፒኒ ይባላል። እዚያ የሞተው ፓስተር ሚስት የነበረችው እህት ኤልሚና በስልክ የነገረቻት ገና ጆሮዋ ውስጥ አለ። «ቀለም አታምጡብን፣ ልጄ። የመጣው ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑን ቀብቶ ይሄዳል፤ ግድግዳው ወፈረ። እኛ የተሰበረብን ፓምፕ ነው። ልጆቹ የወንዝ ውሃ እየጠጡ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ሁለት ቀበርን።»

«እኔ ራሴ ይዤ እመጣለሁ» ብላ ነበር ኖኤልያ።

ለኦስቤርቶ ስትነግረው «እጸልይበታለሁ» አላት። ጸለየ፤ ጸልዮም ቀለም ገዛ። ፓምፑን ከሱቁ አውጥቶ የሰጣት አባቷ ነው።

የጀልባዋ ባለቤት አጎት ሮዌል የዚያው አገር የሚስኪቶ ብሔር ሰው ነው፤ ጥርሱ ጥቂት፣ ነገሩ ብዙ። ሞተሩን ቀሰቀሰና ጀልባዋን ወደ ወንዙ መሃል አውጥቶ ሽቅብ ነዳት። ቀትር ሲቃረብ ውሃው ወደ ቢጫ ተለወጠ። ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ወርቅ ቆፋሪዎች ሰፍረዋል፤ ከደረታቸው በላይ የተቆለለ ጭቃ መሃል ቆመው ጀልባዋን አዩዋት።

«ሰላም በሏቸው፤ ግን ዓይናችሁን አታቆዩ» አለ አጎት ሮዌል።

ከቀትር በኋላ ዝናቡ መጣ። እንደ ዝናብ አልነበረም፤ ሰማዩ አንዴ የተገለበጠ ይመስል ነበር። ወንዙ አበጠ፣ ግንድ ይዞ መውረድ ጀመረ። ፏፏቴ የመሰለ ቋጥኛማ ሸለቆ ጋ ሲደርሱ አጎት ሮዌል ሞተሩን አጠፋና ሁሉንም አወረዳቸው። ረጅሙን ገመድ ከጀልባዋ አፍንጫ አስሮ ጫፉን እጃቸው ላይ አስቀመጠ። ዳርቻው ራቁቱን የቀረ አለት ነው፤ ገመድ የሚታሰርበት አንድ ዛፍ የለም።

«ላይ ወጥቼ መተላለፊያውን አይቼ እመጣለሁ። እስክመለስ ያዙ። ሌላ ምንም አትሥሩ፤ መያዝ ብቻ።»

ያዙ። ገመዱ መዳፍ ይልጣል። ዝናቡ ዓይን ውስጥ ይገባል። ሽማግሌው ከአለቱ ጀርባ ተሰወረ።

«ወገኖቼ» አለ ኦስቤርቶ፣ «ይህ ውጊያ የሥጋ አይደለም። እንጸልይ!»

በእነዚህ ወጣቶች ቤተ ክርስቲያን «እንጸልይ» ከተባለ ዓይን ይጨፈናል፣ የግራው እጅ የግራውን ሰው፣ የቀኙ የቀኙን ይይዛል። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እንዲህ ነው። ማንም አላሰበበትም። ሁሉም ሌላው የያዘ መሰለው። የኖኤልያም ቀኝ እጅ ገመዱን ትቶ ብቻውን ሄዶ የቼማን እጅ ያዘ።

«አሜን» ሲሉ ዓይናቸውን ከፈቱ። የገመዱ ጫፍ እንደ እባብ ድንጋዩ ላይ እየተሳበ ነበር።

ቼማ ዘሎ በደረቱ ወደቀበት፤ አመለጠው። ኖኤልያ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ሮጠች፤ ጎርፉ እግሯን ጠለፋት፤ ልጆቹ በፀጉሯ ጎትተው አወጧት። ጀልባዋ ግን አልተገለበጠችም። ሰው የሚመራት ይመስል ቀስ ብላ ዞረች፤ ጄኔሬተሯን፣ ቀለሙን፣ አሻንጉሊቶቹንና ፓምፑን እንደያዘች ወደ ታች ሄደች።

አጎት ሮዌል ሲመለስ ባዶ እጃቸውን አየ። ወንዙን አየ። አለቱ ላይ ተቀመጠ።

«ጀልባ በድንጋይ ጠፍቶብኛል» አለ በመጨረሻ። «በጎርፍም፣ በስካርም ጠፍቶብኛል። በጸሎት ሲጠፋብኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።»

ገጀራውን አንስቶ ተነሳ።

ጀልባዋን ፍለጋ በዳርቻው ወደ ታች መውረድ ጀመሩ። አጎት ሮዌል በገጀራው ሐረጉን እየቆረጠ ፊት ፊት ሄደ። ጭቃው ጫማ ይጎርሳል፣ ሲለቅ ይስማል። የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ እሾህ አለው፤ እሾህ የሌለው ጉንዳን አለው። ወንዙን የሚቀላቀሉ ጅረቶች ሞልተው እስከ ብብት ደርሰዋል፤ ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው ተሻገሩ። ኖኤልያ በሆዷ የኦስቤርቶን ጥፋት ትቆጥር ነበር። ቀለሙ። ድምፅ ማጉያው። «እጸልይበታለሁ» ያለው። ጸሎቱ። ሲደክማት እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። የራሷን እጅ ግን ሒሳቡ ውስጥ አላስገባችም።

«እህት ኖኤልያ፣ ጌታ ዓላማ ይኖረዋል» አላት ኦስቤርቶ ከኋላዋ።

«የጌታ ዓላማ ገመዱን እንድንይዝ ነበር።»

አጎት ሮዌል ድንገት ክንዱን ዘረጋ። ሁሉም ቆሙ። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የከረረ፣ አፍንጫ የሚወጋ። ከዚያ ድምፁ፦ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፤ ጥርስ በጥርስ ላይ ሲፋጭ። የዚያ ጫካ ከርከሮ በመንጋ ነው የሚሄደው።

«ዛፍ ላይ!» አለ ሽማግሌው።

ወጡ። የወጡበትን መንገድ በኋላ ማንም ሊያስታውሰው አልቻለም። መንጋው ከሥራቸው እንደ ጎርፍ አለፈ፤ ጥቁር ጀርባ፣ ነጭ አገጭ። አንዱ ቆሞ የኦስቤርቶን ዛፍ በጥርሱ ላጠው። ኦስቤርቶ ግንዱን እንደ እናቱ አንገት አቅፎ አይለቅም።

«እ… እንጸልይ?» አለ።

«ዛፉን ሳንለቅ ከሆነ!» ጮኸ ቼማ ከወዲያኛው ቅርንጫፍ።

አጎት ሮዌል ሳቅ አነቀው። ኖኤልያ ልትስቅ ነበር፤ ንዴቷ አልፈቀደላትም።

ዝናቡ ሲያባራ፣ ፀሐይዋ ዛፎቹ መሃል ስትዘቀዝቅ፣ የወርቅ ቆፋሪዎቹ ሰፈር ደረሱ። ወንዙ እዚያ ይታጠፋል፤ ያመጣውን ሁሉ እዚያ ይተፋል። ጀልባዋ ታስራለች። ዕቃው ዳርቻው ላይ ተደርድሯል። ፓምፑ ለብቻው ተለይቶ አንድ ሰውዬ እግሩን አሳርፎበታል። ፌርሚን ይባላል፤ አለቃቸው ነው።

«ጸሎተኞቹ መጡ!» አለ። «ምነው ዕቃችሁ ቀደማችሁ?»

ቆፋሪዎቹ ሳቁ። ስድስት ነበሩ፤ ሁሉም ገጀራ ይዘዋል።

«ጀልባዋ የሮዌል ናት፤ አንነካትም» አለ ፌርሚን። «ዕቃው ግን ጎርፍ ያመጣው ነው። ያጠመደ ግማሹን ይወስዳል።»

ኖኤልያ ወደ አጎት ሮዌል ዞረች። «እውነት ነው?»

«የወንዙ ሕግ ነው፣ ልጄ። የቤቴን በር ያገኘሁትም በዚሁ ነው።»

«እኛ ይቺን ብረት እንፈልጋለን» አለ ፌርሚን ፓምፑን በእግሩ እየገፋ። «ጉድጓዳችን ውሃ ሞልቶ ሥራ ፈተናል። ሌላውን ውሰዱ።»

«ያንተ ጉድጓድ አሸዋ ነው! አሸዋ በአንድ ቀን ይበላዋል!»

«አንድ ቀን ይበቃናል።»

ኖኤልያ ከቦርሳዋ ጣሳውን አውጥታ ወደ ወንዙ ዘረጋችው። «ቆዳው እዚህ ነው። ያለዚህ ብረቱ ብረት ነው። እግርህን ካላነሳህ እለቀዋለሁ።»

ሳቁ ቆመ። አንዱ ገጀራውን ከጭቃው ነቀለ። ፌርሚን አልተንቀሳቀሰም።

«ልቀቂው» አለ። «እኔም አልጠቀም፣ አንቺም አትጠቀሚ። ከዚያስ?»

ከዚያ ምንም የለም። ኖኤልያ ይህን ታውቅ ነበር። ሁለት የተቀበሩ ልጆች፣ ሌሎች ደግሞ ወንዙ ዳር ጎንበስ ብለው የሚጠጡ። ክንዷ ደከመ። ጣሳውን ወደ ደረቷ መለሰችው፤ የንዴት እንባ ታገላት።

ፌርሚን ዓይኑን ወደ ዕቃው መለሰ። «ያቺ የተሸፋፈነችውስ ምንድን ናት?»

ኦስቤርቶ ዘሎ ጄኔሬተሯ ፊት ቆመ። «ይቺ የቤተ ክርስቲያን ናት! ይቺ አትነካም! መንደሩ ሁሉ ለስብከቱ ተጠርቷል፤ ያለ እሷ ድምፅ የለም!»

ልትጮህበት አፏን ከፈተች። ቀኑን ሙሉ ስትቆጥረው የዋለችው ሁሉ ምላሷ ላይ ነበር። ኦስቤርቶን አየችው፤ ጉልበቱ ተልጧል፣ ፀጉሩ ላይ ቅጠል አለ። ሁለት እጁን ወደ ኋላው ዘርግቶ ሸራውን ጨብጧል።

«ወንድም ኦስቤርቶ» አለች። ድምጿ ዝቅ ብሎ ራሷን አስገረማት። «ገመዱን እኔም ለቅቄያለሁ። ቀኑን ሙሉ አንተን ስከስስ ነው የዋልኩት። እጄ ግን የቼማ እጅ ውስጥ ነበር። ሁላችንም ነን የለቀቅነው።»

ኦስቤርቶ ሸራውን አልለቀቀም።

«ለኤልሚና ይዤ እመጣለሁ ብያታለሁ። ሌላ ቃል የለኝም።»

ከዚያ ኦስቤርቶ ዞረ፤ ሸራውን ራሱ ገለጠ። የማስነሻ ገመዷን አንዴ ሳበ፣ ሁለቴ ሳበ፤ ጄኔሬተሯ አስነጥሳ ተነሳች። ቆፋሪዎቹ እልል አሉ።

«ጠዋት ስትቀዘቅዝ ቶሎ አትነሳም» አለ ለፌርሚን፤ ዓይኑን ግን አላነሳም። «አትሳደቡባት። በትዕግሥት ሳቧት።»

«ይቺን ከተማ ወስጄ በሞተር ፓምፕ እለውጣታለሁ» አለ ፌርሚን፤ እግሩን ከብረቱ ላይ አነሳ። «ሌላውን ሁሉ ውሰዱ።»

«ቀለሙን አትፈልጉም?» አለ ቼማ በተስፋ።

«ቀለም ምን ያደርግልናል!»

በማግስቱ ቋጥኛማውን ሸለቆ በገመድ አለፉት። ገመዱ ሲወጠር ዘጠኝ ሰው አንድ ላይ ያቃስታል፣ ሲላላ አንድ ላይ ይተነፍሳል። አጎት ሮዌል ሁለት ጊዜ ዞሮ እጆቻቸውን አየ።

ሊ ፒኒ ሲደርሱ ቤተ ክርስቲያኑ ከዳርቻው ላይ ነጭ ሆኖ ታየ፤ ከሩቅ ያበራል። እህት ኤልሚና ቀለሙን ሲያወርዱ አይታ ግንባሯን ያዘች።

«ልጄ፣ ምን ብዬሽ ነበር?»

«ፓምፑም አለ» አለች ኖኤልያ።

አሮጊቷ ብዙ ቃል ሰምታለች። ጉድጓዱ ጋ ሄዳ ክንዷን አጣጥፋ ቆመች።

የአሮጌውን ፓምፕ ቧንቧ ተረዳድተው ጉድጓዱ ውስጥ አወረዱ። ኖኤልያ ጣሳውን ከፈተች፤ ቆዳዎቹ ለስላሳ እንደሆኑ ነበሩ። ዘንጉ ላይ አስገባቻቸው፣ አሰረች፣ ሲሊንደሩን ዘጋች። ከዚያ እጀታውን ያዘች። አንዴ። ሁለቴ። ደረቅ ፉጨት። ልጆቹ ባዶ ዕቃ ይዘው ተሰብስበዋል። አሥሬ፣ ሃያ ጊዜ። ፉጨት ብቻ። ክንዷ ተቃጠለ። ቼማ ገባላት፤ እሱም ደከመ። የኤልሚና ፊት ጠቆረ።

«እንጸልይ» አለ ኦስቤርቶ። ያለ ድምፅ ማጉያ ድምፁ ቀጭን ነበር።

የሁሉም እጅ ሊነሳ ቃጣ። ኖኤልያ እጀታውን መልሳ ይዛ ቀና አለች።

«እንጸልይ» አለች። «እጀታውን የሚለቅ ግን የለም።»

ኦስቤርቶ ጎኗ ገብቶ እጀታውን ያዘ። ዓይኑን አልጨፈነም። «ጌታ ሆይ» አለ ሲጫን፤ «እባክህ» አለ ሲያነሳ። ሌሎቹ ከኋላ ተደርበው ያዙ። «ጌታ ሆይ» ወደ ታች፣ «እባክህ» ወደ ላይ። ፉጨቱ ወፈረ። ቧንቧው ውስጥ አንድ ነገር ተንጎራጎረ፣ አሳለ፣ ዝገት ተፋ፤ ከዚያ ውሃ።

ልጆቹ ጮኹ። እህት ኤልሚና መዳፏን ዘርግታ ሞላች፣ ቀመሰች።

«ብረት ብረት ይላል» አለች።

«ቧንቧው ሲታጠብ ይተዋል፣ እማማ።»

«ይሁን። ብረት ልጅ አይገድልም።» ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞረች። «በሉ እንግዲህ፣ ቀለሙንም ቀቡት። ግድግዳው ይወፍር። ባልዲዎቹ ግን የእኛ ናቸው፤ ለልብስ ማጠቢያ።»

ኦስቤርቶ ሳቀ፤ ከመነሻቸው ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ባልዲ አንስቶ ሄደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ኖኤልያ ቀረች። ከብሎኖቹ አንዱ ገና ላልቶ ነበር። መፍቻውን አስገብታ ክብደቷን ጫነችበት፣ ሌላ ግማሽ ዙር አዞረችው፣ በጣቷ ነካ አድርጋ አየችው። አልተንቀሳቀሰም። መፍቻውን በቀሚሷ ጠርዝ ጠርጋ ከባዶው የሞራ ጣሳ አጠገብ አስቀመጠችው።