አጭር ክንድ

«ዞር በል» አለ ሜትር የያዘው ሰውዬ።

ሩበን ዞረ። ከቁምጣ በቀር የለበሰው ነገር የለም። ከፊቱ በፕላስቲክ ወንበር የተደረደሩት መልማዮች አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ዳሌውን ተመለከቱ። አንዱ ለጎኑ ሰው የሆነ ነገር አንሾካሾከ፤ ሁለቱም በእርካታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እህቱ ዊላ ከላይ፣ ከተመልካች ደረጃው ላይ ሆና ፊቷን አጨማደደች። የወተት ላም አርቢ ልጅ ናት፤ በየዓመቱ በአውራጃው ትርኢት ላይ ጊደር ይዛ ትቀርባለች። እዚያ ያሉት ዳኞች እንኳ ጊደሯን ከመፈተሻቸው በፊት ጀርባዋን መታ መታ አድርገው ያባብሏታል።

«ጥርሱን መቁጠር ብቻ ነው የቀራቸው» አለች።

«ዝም በይ፣ ይሰሙሻል» አለቻት እናቷ ዓይኗን ከልጇ ሳትነቅል። ለቤተ ክርስቲያን እንኳ የማትቀባውን ሊፕስቲክ ዛሬ ተቀብታለች።

«ይስሙኛ!»

በሚቀጥለው ወር ትልልቆቹ የአሜሪካ ፉትቦል፣ ኳሱን በእጅ ይዘው የሚጋፉበት ጨዋታ፣ ቡድኖች ከየኮሌጁ የሚፈልጉትን ልጅ በተራ በተራ ይመርጣሉ። ዛሬ የመጡት ዕቃውን በዓይናቸው ሊያዩ ነው። ሩበን የመስመር ተጫዋች ነው፤ ማለትም ኳስ ወርዋሪው እንዳይመታ ከፊት ቆሞ ከሚመጣበት ግዙፍ ሰው ጋር ሲጋፋ የሚውል፣ ስሙ በቴሌቪዥን የሚጠራው ሲሳሳት ብቻ የሆነ ሰው። ለዚህ ሥራ ጉልበት ይበቃል የሚል ካለ የዋህ ነው። መልማዮቹ የሚያመልኩት ረጅም ክንድ ነው።

«ሠላሳ ሁለት ኢንች!» ብሎ ጮኸ ባለ ሜትሩ።

ወንበሮቹ ሁሉ እንደ ለቅሶ ቤት ተነፈሱ። «ይሄ ክንድ ኪሱ መድረሱንም እንጃ!» አለ ፊት ለፊት የተቀመጠው ባለ ሪዝ፣ የሚያኝከውን ትንባሆ ወረቀት ኩባያ ውስጥ እየተፋ። ሚስተር ፕሩዌት ይባላል። ሰዎቹ ሳቁ። ሩበንም አብሯቸው ፈገግ አለ። ዊላን ከስድቡ ይልቅ ያቃጠላት የእሱ ፈገግታ ነው።

ይህን ፕሩዌት የሚሉትን ሰው የሰፈራቸው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባለፈው ሳምንት ከተማቸው መጥቶ ፀጉር አስተካካዩን፣ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ሾፌር፣ ፓስተሩን ሳይቀር «ልጁ ፉትቦል ከልቡ ይወዳል?» እያለ ሲጠይቅ ሰንብቷል። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ የሩበን አንድ መልስ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ «ፉትቦል ባይኖር ምን ትሠራ ነበር?» ቢሉት «ላም አልብ ነበር» አላቸው። ትክክለኛው መልስ «እሞት ነበር» ነው አሉ! ከዚያ ወዲህ የከተማው ሰው ለሩበን ብሎ እየተሽቀዳደመ ዋሸ። ፓስተሩ ልጁ ኳሱን ታቅፎ እንደሚተኛ መሰከሩ።

እነዚህ ሰዎች የሩበንን ክንድ ለክተዋል፤ መዳፉንም አስዘርግተው ለክተዋል። እጁ ይሠራ እንደሆነ የጠየቀ ግን የለም። አይሠራም። ኅዳር ላይ በአንድ ጨዋታ አንገቱን ከተመታ ወዲህ ቀኝ እጁ ድንገት ከትከሻው እስከ ጣቱ ያቃጥለውና ይደነዝዛል። ገና ሰሞን በረት ውስጥ የማለቢያው መሣሪያ ከእጁ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ሲከሰከስ ዊላ አየችው። ሌላ ከተማ ሄዶ በድብቅ ያየው ሐኪም ነርቩ ተጎድቷል፣ ከባድ ነገር ካነሳህ እጅህ ላይመለስልህ ይችላል ብሎታል።

«ለማንም ብትተነፍሺ እህቴ አይደለሽም» ብሎ አስምሏታል። እሷም እንደ ሞኝ ማለች። ሳሩን እንጂ ገደሉን ያላየ በሬ ወንድሟ መሆኑን እያወቀች!

«አሁን ብረት መግፋት!» አለ ባለ ሜትሩ።

እናቷ ፎቶ ልታነሳ ስልኳን ይዛ ተመልካቹን ወደሚያግደው ገመድ ወረደች። ክንዱ ያጠረበት ልጅ በጉልበቱ መካስ አለበት፤ ስለዚህ ሩበን ዛሬ አግዳሚ ወንበር ላይ በጀርባው ተጋድሞ ከባዱን ብረት እስኪያቅተው ወደ ላይ መግፋቱ አይቀርም። ብረቱ ጉሮሮው ላይ እያለ እጁ ቢሞትስ?

«የሩበን እህት ነሽ፣ አይደል?» ሚስተር ፕሩዌት ኩባያውን ይዞ ደረጃውን ወጥቶ ነበር። አጠገቧ ተቀመጠ። «ቤት ውስጥ እንዴት ነው ወንድምሽ? ጤናው ምንም አይል?»

ልትዋሽ ዳዳት። ለእነዚህ እውነት መንገር ዕንቁን ለእርያ መጣል ነው። ሲለኩና ሲያላግጡ የዋሉ ሰዎች በድን እጅ ገዝተው ቢገቡ እሰየው! ደስታው ምላሷ ላይ ጣፈጣት። ከታች ግን ሩበን ቀኝ እጁን ደጋግሞ እያራገፈ ወደ አግዳሚው እየሄደ ነበር። ብረቱ ቢወድቅ የሚወድቀው ፕሩዌት ላይ አይደለም።

«ቀኝ እጁ ይደነዝዛል» አለች ቶሎ ብላ። «ከአንገቱ ነው። ሐኪም ከልክሎታል። እባክዎ ያስቁሙት።»

ፕሩዌት ኩባያው ውስጥ ተፋ። «አውቃለሁ» አለ።

«ምን?»

«ከኅዳር ወዲህ በቀኙ አይገፋም። ቪዲዮ እናያለን እኮ፣ የኔ ልጅ። እዚህ ካለው ሰው ግማሹ ያውቃል።»

«ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?»

«ቤተሰቡ ዋሾ መሆኑን ላጣራ ነዋ! አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ እንደ ፓስተራችሁ አይደለሽም።»

«እያወቃችሁ እንዲገፋ ትተዉታላችሁ?»

«ማን አስገደደው? እኛ የምናየው ልቡን ነው። እያመመው ስንቴ እንደሚገፋ ማየት አለብን።»

ዊላ ሰው እንደዚህ ንቃ አታውቅም። «እኛ አገር አንካሳ ጊደር ለትርኢት የሚያቀርብ ሰው ከሜዳ ይባረራል» አለችው።

«ጊደር ውል አትፈርምማ» ብሎ ሳቀ።

ተነሳች። ደረጃውን ስትወርድ ምን እንደሚከተል ታውቃለች። በሰው ሁሉ ፊት ከታወቀ የሚወስደው ቡድን አይኖርም። እናቷ ለወራት አታናግራትም፤ ከተማው ደግሞ «ወንድሟን የሸጠች» ይላታል። ከገመዱ ሥር ሾልካ ገባች።

«አንቺ! ቤተሰብ አይገባም!» ብሎ ጮኸ አንዱ።

«ዊላ! ምን ሆነሻል?» እናቷ ነበረች።

ሩበን አግዳሚው ላይ በጀርባው ተጋድሟል፤ ሁለት እጁ ብረቱ ላይ ነው። የቀኙ ጣቶች በደንብ አልታጠፉም። ዊላ ከራስጌው ቆማ ብረቱን በሁለት እጇ ያዘችና በሙሉ ክብደቷ ተደገፈችበት።

«ተነስ።»

«ሼም ነው ዊላ፤ ሰው እያየን ነው» አለ ሩበን በሹክሹክታ። «ሂጂልኝ በናትሽ።»

«ይዩን። እነሱ ሲያዩህ ነው የዋሉት። ተነስ አልኩህ።»

ከወንበሮቹ መሀል አንዱ አፏጨ፤ ሌሎቹ ሳቁ። የሩበን ዓይን እንባ ሞላ። ወንድሟ እንደዚያ አይቷት አያውቅም፤ ጫማው ላይ የተጣበቀ ነገር የሚያይ ነው የሚመስለው።

«ዕድሜ ልኬን ይቅር አልልሽም።»

«እሺ፣ አትበለኝ» አለች። ብረቱን ግን አልለቀቀችም።