በጓሮው በር ላይ የቀላው ሰው

ፍቅሩ የተገኘው ዋይሊ ከተማ ባለው ቤቱ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ በደረቱ እንደተደፋ ነው። በገዛ የሥራ መዶሻው የመታው ሰው መብራቱን አጥፍቶ ሄዷል።

ፖሊሶቹ ዕፀ ሕይወትን እዚያው አካባቢ ካለችው ከተማ ከፍሪስኮ የጠሯት ለአስተርጓሚነት ነበር። እሷ ግን ሃምሳውን ያለፈች፣ ለኢንሹራንስ ድርጅት የተቃጠሉ ቤቶችን ስትመረምር የኖረች ሴት ናትና ተርጉሞ ዝም ማለት አይሆንላትም። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ በተደረደሩት ጫማዎች ላይ ዓይኗን ጣል አድርጋ ገባች።

ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ሰዎች ተራርቀው ተቀምጠዋል፦ የሟች ሚስት ዊንታ፣ ታች ያለውን ክፍል የተከራየው በራእ፣ የሟች የሥራ ሸሪክ ግዛቸው። ማንም የማንንም ዓይን አያይም።

ፍቅሩና ግዛቸው ለቤት ገዢዎች ቤት ይፈትሹ ነበር። ግዛቸው ደንበኛ ያመጣል፤ ፍቅሩ ሙቀትን በቀለም በምታሳይ ካሜራ ግድግዳ ውስጥ የጋለ ሽቦ ይፈልጋል። በካሜራዋ የሞቀው ቀይ፣ የቀዘቀዘው ጥቁር ሆኖ ይታያል።

«ሶ፣ ለሥራ ልወስደው መጥቼ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ባንኳኳ የሚከፍት የለም» አለ ግዛቸው። «ገና ጨለማ ነበር። በጓሮ ዞሬ በመስታወቱ በር ወደ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ባደረችው ካሜራ ባይ፣ ይኸው፣ ይመልከቱት!»

ምስሉ ላይ አንድ ከራሱ እስከ እግሩ የቀላ ሰው ሁለት እጁን ፊቱ ድረስ አንስቶ ቆሟል።

«መዶሻውን ሊያሳርፍበት ነው! በራእ ነው። ፍቅሩ ክፍሉን ልቀቅ ብሎት ነበር።»

«ወላሂ ተኝቼ ነበር፣ እትዬ» አለ በራእ። «በሚቀጥለው ሳምንት የአሳይለም ኢንተርቪው አለኝ፤ የጥገኝነት ጥያቄዬ የሚታይበት። ዛሬ አሬስት ካደረጉኝ አለቀልኝ።»

መርማሪው ፖሊስ ካቴናውን ይነካካል። ዕፀ ሕይወት ጥቂት እንዲታገሣት ለመነችውና ወደ ዊንታ ዞረች።

«አንቺስ ምን ሰማሽ?»

«ፎቅ ላይ ሆኜ ጭቅጭቅ የሰማሁ መሰለኝ። ከአልጋ ስነሳ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ግዛቸው የፊቱን በር ሊሰብረው ደረሰ፤ ወርጄ ከፈትኩለት።»

«ደረጃው የሚያወርደው ወደዚያው በር ነው?»

«አዎ።»

«ሲገባ ጫማ አድርጎ ነበር?»

«ኧረ እትዬ ዕፀ፣ በዚያ ሰዓት ማን ጫማ ያያል?» ዊንታ ዓይኗን ጠረገች። «ሰሞኑን ተጣልተው ነበር። ግዛቸው የጋለ ሽቦ ያለበትን ቤት ደህና ነው ስላለ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ገባበት። ፍቅሩ ሊያመለክትበት ነበር።»

«ቢዝነስ ላይ የማይጣላ አለ?» አለ ግዛቸው፣ እግሩን ወደ ሶፋው ሥር እየሳበ። ዕፀ ሕይወት ይህን ልብ አለች።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ ዊንታንና በራእን ከመስታወቱ በር በስተውስጥ አስቆመቻቸው። ግዛቸው ጫማውን አድርጎ ከእሷና ከፖሊሱ ጋር በዚያው በር ጓሮ ወጣ፤ እሱ በሩ ፊት ሲሚንቶው ላይ ሲቆም እነሱ ወደ ጎን አሉ።

«እንደ ጠዋቱ አድርገህ አንሳቸው» አለችው።

ግዛቸው ካሜራዋን ወደ ፊቱ አነሳ። ወዲያው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ስንት ሰው ይታይሃል?»

«አንድ።»

«ውስጥ ያሉት ግን ሁለት ናቸው። መስታወት ብርሃን ያሳልፋል እንጂ የሰውነትን ሙቀት አያሳልፍም፤ ይመልሰዋል። ፍቅሩ ይህን ያውቅ ነበር፤ አንተ ካሜራዋን ነክተህ አታውቅም። እጁን ያነሳው ሰው ካሜራ የያዝከው አንተው ነህ።»

«ኦኬ፣ ተሳሳትኩ! መሳሳት ወንጀል ነው?»

«አይደለም። እግሩን ግን እየው። አሁን ጫማ አድርገሃልና እግርህ ጠቁሯል። በጠዋቱ ምስል እንደ ፊትህ ቀልቷል። ከመኪና ወርዶ በጓሮ የዞረ ሰው በዚህ ብርድ ጫማውን ምን አስወለቀው?»

ግዛቸው ካሜራዋን ዝቅ አደረገ። እሷ ቀጠለች።

«ፍቅሩ ራሱ ከፍቶልሃል። እንደማናችንም በር ላይ አውልቀህ ገባህ። ተጣላችሁ፤ መታኸው። የሽቦው ምስል ያለባትን ካሜራ አነሳህ። ዊንታ ስትነሳ ሰማህ፤ ጫማህ ያለው ደግሞ እሷ ከምትወርድበት ደረጃ ሥር ነው። በካልሲ በጓሮ ወጣህ። ያየኝ ይኖር ይሆን ብለህ በካሜራዋ ብታይ ሰው ቆሟል። በሣሩ ዞረህ፣ ገና እንደ መጣ ሰው የፊቱን በር ደበደብክ፤ በራእ ያየህ መስሎህም ሳይከስህ ከሰስከው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በል፣ ጫማህን አውልቅ።»

ይህንኑ ስትተረጉምለት ፖሊሱ ራሱ አስወለቀው። የጫማው ውጭ ደረቅ ነው፤ ካልሲው ግን በጤዛ ርሶ ሣር ተጣብቆበታል።

ዊንታ በሩን ከፍታ ወጣች።

«ግዛቸው፣ ምንጣፌ እንዳይቆሽሽብኝ ነው ጫማህን ያወለቅከው?» አለችው።

ፖሊሱ ካቴናውን አጠለቀለት። ዊንታን ደግፎ ወደ ቤት የመለሳት በራእ ነበር።