ደራርቱ የጠራችው ቡጢ

«ቁሙ!» አሉ ጋሽ መገርሳ፣ የቦክስ አሰልጣኙ።

ሁለቱ ልጆች ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ጨመዳ ጎንበስ ብሎ፣ ተድላ ደግሞ በጨርቅ የታሰረ ግራ ቅንድቡን በእጁ ደግፎ። ጋሽ መገርሳ ወደ ደራርቱ ዞሩ። «ከዚህ በኋላስ? ጥሪ እንጂ፣ ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ! ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ?»

ደራርቱ ጠመኔዋን ጨበጠች። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ጨመዳ ታላቅ ወንድሟ ነው። ከዚህ በኋላ የሆነውን ነገር ከእሷ በቀር ያየው ሰው የለም። መከራዋም ይኸው ነበር።

ነቀምት፣ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ የሚሰለጥኑት ቦክሰኞች የራሳቸው የሆነ ልማድ ነበራቸው። ጋሽ መገርሳ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲጫወቱ፣ ትልልቆቹ ቡድኖች ግጥሚያ በፊልም ቀርጸው እያቆሙና እየመለሱ ሲያጠኑ አይተው ቀንተዋል። «እኛ ፊልም ቀርቶ ደህና ጓንት የለንም፤ ጭንቅላት ግን አለን» አሉና «ድጋሚ»ን ፈጠሩ። ግጥሚያ ባለቀ ቁጥር ሁለቱ ተጋጣሚዎች እንደገና ይቆማሉ። ያንኑ ግጥሚያ ሳይነካኩ፣ ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው በዝግታ ይመልሱታል። ጠሪው ዳር ቆሞ «ግራ እግር! ቀኝ ቡጢ! ጎንበስ!» እያለ ይመራቸዋል። ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ለእግር ክብ፣ ለገባ ቡጢ መስቀል ያደርጋል። ድጋሚ ካለቀ ወዲያ ክርክር ብሎ ነገር የለም። ጠሪ ያለው አለ ነው።

ጠሪዋ ደራርቱ ነበረች። አንድ ቀን ለወንድሟ ፎጣ ልታደርስ መጥታ፣ የያኔው ጠሪ ሲሳሳት አላስችል ብሏት «ኧረ በግራው ነው የመታው!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲህ ጠመኔው የእሷ ሆነ። ምን ታረጉታላችሁ፣ ያየችው አይረሳትም! ቦክሰኞቹ መንገድ ላይ እንኳ ሲጨቃጨቁ «ቆይ፣ ደራርቱ ትምጣና!» ይባባላሉ። እሷም ምን ይደበቃል፣ ትንሽ ትኮራበት ነበር።

የዛሬው ግጥሚያ ግን እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። አሸናፊውን አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ሊወስደው ነው። መኝታው እዚያ፣ ምግቡ እዚያ፣ የማታ ትምህርቱም እዚያ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የክለብ ልጅ ለውትድርና አይታፈስም ይባል ነበር። በዚያ ዘመን የደረሰ ወንድ ልጅ ያላት እናት ሁሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ክው ትላለች። የደራርቱ እናት አዴ ቀለሟም ጠዋት ልጆቿን ስትሸኝ የጨመዳን ጉንጭ ይዛ «ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ የዛሬን ብቻ አሸንፍልኝ» ብላው ነበር።

ጨመዳ ግን እየተሸነፈ ነበር። ከመጨረሻው በፊት ባለው ዙር ተድላ ሲያጣድፈው ወደ ጥግ ሸሸ። ጋሽ መገርሳ ዳኛውም ደወል መቺውም እሳቸው ናቸውና፣ የተሰቀለውን ብረት ሊመቱ ዞሩ። ይሄኔ ጨመዳ የተድላን ቅንድብ በግንባሩ ገጨው። ተመልካቹን የተድላ ሰፊ ጀርባ ከልሎታል። ጥግ ላይ ከጎናቸው የነበረችው ደራርቱ ብቻ አየች። ጋሽ መገርሳ ሲመለሱ ተድላ ደም በደም ሆኗል።

«በቴስታ መታኝ!» አለ ተድላ።

«በቡጢ ነው!» አለ ጨመዳ።

በቴስታ ከሆነ ጨመዳ ይባረራል፣ ተድላ አዲስ አበባ ይሄዳል። በቡጢ ከሆነ ደግሞ ግጥሚያውን መጨረስ ያቃተው ተድላ ተሸናፊ ነው። ስለዚህ የተድላ ቅንድብ በጨርቅ ታስሮ ድጋሚው ተጀመረ። አሁን ያቺ ቦታ ላይ ደርሰዋል፤ አዳራሹ በሙሉ የደራርቱን አፍ ያያል።

ደራርቱ ወንድሟን አየችው። ጨመዳ በዓይኑ እንኳ አልለመናትም፤ አንገቱን ደፋ። ቢለምናት ይሻላት ነበር።

«ቀኝ ቡጢ» አለች። ድምጿ የራሷ አልመስል አላት። «ቅንድቡ ላይ።» ጎንበስ ብላ መስቀል አደረገች።

ተድላ መስቀሉን አየ፤ እሷንም አየ። አሁን ይጮኽብኛል፣ አሁን ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች። ተድላ ግን ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲህ ደራርቱ ካለች... ደሙ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ ተምታቶብኝ ነው መሰለኝ።» ይባስ ብሎ ወደ ጨመዳ ሄዶ እጁን ዘረጋለት። «ይቅርታ ወንድሜ። በከንቱ ስምህን አጠፋሁ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ደራርቱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ቤት ሲገቡ አዴ ቀለሟ «ያ ዋቅ፣ አምላኬ!» ብላ ተንበርክካ አለቀሰች። ጎረቤት ተጠራ፤ ሳቁና ምርቃቱ ሌላ ሆነ። ጨመዳ ምግቡን ነካ ነካ አድርጎ ወደ ጓሮ ወጣ። ደራርቱ ተከተለችው።

«ለምን መታኸው?»

«እኔንጃ» አለ ሳያያት። «ፈራሁ። ደግሞ እኔ ዋሺልኝ አልኩሽ?»

«አላልከኝም።»

«እንግዲያው ዝም በይ። አዮን አታያትም፣ እናትሽን? ስንት ጊዜ ነው እንደዚህ ስትስቅ ያየሻት?»

ደራርቱ ከወንድሟ ይልቅ በራሷ አፈረች። እሱ የመታው ፈርቶ ነው፤ እሷ ግን እያወቀች፣ ረጋ ብላ፣ በጠመኔ አስምራ ነው የዋሸችው።

በማግስቱ ሳሙና ልትገዛ ስትወጣ፣ የተድላ አባት ሱቅ እንዳትደርስ ብላ መንገድ ቀየረች። ምን ዋጋ አለው፤ ተድላ ከኋላዋ እየሮጠ ደረሰባት።

«አካም ደራርቱ! እኔ እኮ ስፈልግሽ ነበር። ያቺን ቡጢ አሳይኝ።»

«የቷን?»

«የጨመዳን ነዋ! ሳስባት አደርኩ፤ ከየት እንደመጣች ሊገባኝ አልቻለም። ሁለተኛ እንዳልበላት ነው።» ሳቅ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ቶሎ ብናየው ይሻላል። አባዬ ጉቴ ያለ ዘመዳችን ጋ ሊደብቀኝ ነው፤ አፈሳው እስኪበርድ።»

እምቢ ማለት ፈለገች። እግሯ ግን ተከተለው። ከሱቁ ጀርባ ባዶ ጆንያ የተከመረበት ግቢ አለ። ተድላ እዚያ መሐል ቆመ፣ አገጩን ደበቀ። «በይ፣ አንቺ ጨመዳ ነሽ።»

ደራርቱ ወንድሟ በቆመበት አኳኋን ቆመች። እንደጠራችው፣ እግሯን ሳታንቀሳቅስ ቀኝ እጇን በዝግታ ዘረጋች። ቡጢዋ ከቅንድቡ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ቀረ። የሌለ ቡጢ ከየት ይምጣ!

«አይደርስም» አለች። አሁን ይነቃል ብላ ፈራችም፣ ተመኘችም።

ተድላ መሬቱን አየና ግንባሩን አከከ። «ቆይ፣ ቆይ። ስህተቱ የእኔ ነው። እግሬን እዚህ ጋ ነበር ያደረግኩት ማለት ነው።» አንድ እርምጃ ወደፊት ቀረበላት፤ ቅንድቡን ወደ ቡጢዋ አመጣላት። «አሁንስ? አዎ፣ እንደዚህ ነው የቆምኩት። አንቺ መቼም አትሳሳቺም።»

ደራርቱ ፊቷ በሐፍረት ነደደ። ይህ ልጅ የገዛ ዓይኑን፣ የገዛ እግሩን ክዶ እሷን እያመነ ነው።

«እግርህን መልስ» አለችው።

«እንዴ?»

«ወደነበርክበት መልሰው። እዚህ አልነበርክም።»

ተድላ ግራ እየገባው ወደኋላ ተመለሰ። ደራርቱ እጇን አወረደች። የእናቷ ሳቅ ጆሮዋ ላይ መጣባት። ከዚያ ጎንበስ አለችና፣ በድጋሚ ወግ፣ በዝግታ አንድ እርምጃ ገብታ ግንባሯን ወደታሰረው ቅንድቡ አስጠጋች። ሳትነካው ቆመች።

ተድላ የታሰረ ቅንድቡን በጣቱ ዳሰሰ።

«አይተሻል» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ አሳፈራት።

«አይቻለሁ። ና፣ ጋሽ መገርሳ ቤት እንሂድ። እሳቸው ፊት ድጋሚውን በትክክል እጠራዋለሁ።»

«ጨመዳስ?»

ደራርቱ እንባዋን በሹራቧ እጅጌ ጠረገችና ከግቢው ቀድማው ወጣች።