ሰርግ ያጸዳው ውሃ

ድሬ ላይ ጠዋት ጠዋት የውሃ በርሜል ይናገራል። ከክዳኑ ስር የተለጠፈችው «ጆሮ» የምትባል መሣሪያ የትንኞቹን የክንፍ ድምፅ ሰምታ የትኞቹ እንደበዙ ትለያለች። ገራሞቹ፣ ማለትም ላብራቶሪ ውስጥ ደም መጥባት እንዲተዉ ተደርገው የተፈለፈሉት ከበዙ «ሰላም ነው» ትላለች። ሰውም ለምዶ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይመልሳል።

የከዚራ ሰፈርን ጆሮዎች የምትከታተለው ፈትያ ናት። ሰሞኑን ግን የሰፈሩ በርሜሎች አንድ በአንድ «ወባ! ወባ!» ማለት ጀመሩ። አለቆቿ ሌላ ገራም አስለቀቁ፤ እሱም አለቀ። ፈትያ ፈራች። ልታገባ የደረሰችው እህቷ ሐናን አምና ከወባ የተረፈችው ለጥቂት ነው፤ መድኃኒቱ እንደሆነ መሥራት ካቆመ ቆይቷል።

ገራሞቹ በሕይወት የተገኙት ሰው በሌለበት አንድ ግቢ፣ የማንጎ ቅጠል በበሰበሰበት በርሜል ውስጥ ብቻ ነው። ፈትያ በሩጫ እናቷ ቤት ደረሰች። የበርሜሉ ውሃ ኩልል ብሏል፤ ድሮ ከሥሩ የማይጠፋው የማንጎ ቅጠል የለም።

«እማ፣ ቅጠሉን ማን አወጣው?»

«እኔ ነኛ! ሰፈሩ ሁሉ ለሰርጉ እያጸዳ እኔ ለአማቶቿ ቆሻሻ ላሳይ? አቦ ተይኝ!»

«የገራሞቹ እጭ ያንን ብስባሽ ካላገኘ በረሃብ ያልቃል። የወባ ትንኟ እጭ ግን በባዶ ውሃም ያድጋል። ለሐናን ስትይ፣ እማ።»

እናት በሐናን ሲመጡባት አትችልም። ቅጠሉን አብረው መለሱት። ጎረቤቶችም እያጉረመረሙ «ሙሽሪት ቤት ካለ እኛስ ምን ቸገረን» ብለው በየበርሜላቸው ቅጠል ጨመሩ። ሳይቆይ በርሜሎቹ «ሰላም ነው» ማለት ጀመሩ፤ ፈትያም እፎይ አለች።

የሙሽራው እናት ወይዘሮ ሩቂያ ሊጠይቁ የመጡ ቀን ግቢው በጎረቤት ሞልቷል። ወይዘሮዋ እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ በርሜሉ ጎንበስ አሉ።

«ውይ! በዚህ ነው የምትጠቀሙት?»

እናት ፈትያን አየቻት። ፈትያ ነገሩን በየቤቱ እየዞረች ስታስረዳ ነው የሰነበተችው፤ አሁን ግን ይሉኝታ ያዛት።

«ኧረ... ገና አሁን ነው የወደቀው። ነፋሱ ነው» አለች። እጇን እስከ ክርኗ ከትታ ቅጠሉን እያፈሰች አወጣችው።

ጎረቤቶች ተያዩ። አንዷ ነጠላዋን አስተካክላ የራሷን በርሜል ልታጸዳ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ሌላዋም ተከተለቻት።

«ፈቲ! ነይ ሂናዬን እይልኝ!» አለች ሐናን ከውስጥ፣ እየሳቀች።

«መጣሁ» አለች ፈትያ። በእፍኟ የያዘችውን ቅጠል የት እንደምትጥለው ግራ ገባት።